የጉድጓድ ቁጥር ሰባት እናቶች

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከጉድጓድ ቁጥር ሰባት የቀዳሁት ውሃ በሊትር ስድስት ነጥብ አራት ሚሊግራም ፍሎራይድ ተገኘበት። ከአንድ ነጥብ አምስት መብለጥ አልነበረበትም። ይህን የሚለካ መሣሪያ በቡርቃ ዲማ ከተማ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም በንብረት መዝገቡ ላይ «የሻይ ማፍያ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። እንደዚያ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። በትክክለኛ ስሙ ብጠራው ኖሮ ከስምንት ዓመት በፊት ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር አብሮ ይወገድ ነበር።

ስሜ ብርቅነሽ ጋሻነህ ይባላል። የከተማችን ውሃ ጣቢያ ኬሚስት ነበርኩ፤ አሁን «የባሕርይ መዝጋቢ» ነኝ። ወንበሩም ደመወዙም ያው የድሮው ነው። የተለወጠው ወንበሩ ያለበት ቦታ ነው፤ ኮከቤ ነፋስ ስለሆነ ወረቀት ባለበት ክፍል መስኮት አጠገብ እንዳልቀመጥ ተከልክያለሁ።

ንጥረ ነገሮች አራት እንዴት ሆኑ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሁን የለም። እኔ ተማሪ ሳለሁ መቶ አሥራ ስምንት ነበሩ። ተማሪው በፈተና እየወደቀ ሲያስቸግር ስልሳ እንዲሆኑ ተደረገ። ተማሪው አሁንም ወደቀ። ሃያ አራት ሆኑ፤ ከዚያ አሥር። በአራተኛው ማቅለያ ላይ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ብቻ ቀሩ፤ የዚያን ዓመት ከመቶው ተማሪ ዘጠና ሰባቱ አለፈና አገሩ ሁሉ ደስ አለው። የወደቁት ሦስቱ በነፋስ ፈንታ «አየር» ብለው የጻፉት ናቸው። በማቅለያው የከፋቸው ወርቅ ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ ወርቅም ብርም መዳብም «መሬት» መባሉ አልጣማቸውም። ግን እነሱም ለመዱት።

ያ ትውልድ አድጎ ቢሮ ሲገባ ቅጾቹም አራት ሳጥን ብቻ ቀራቸው። ዳቦ ላይ «መሬት ስድስት እጅ፣ ውሃ ሦስት፣ እሳት አንድ» ተብሎ ይጻፋል። ፋርማሲ ሄዶ ራሴን አመመኝ የሚል የለም፤ «እሳት በዛብኝ» ሲል ውሃ ቁጥር አራት የሚባል ነጭ ክኒን ይሰጡታል፤ ክኒኑ ደግሞ ያው የድሮው ነው፣ ይሠራል። ሥራ ያረፈደ ሰው «ነፋስ ነኝ እኮ» ካለ ይታለፋል። ኮከቡ እሳት የሆነ ሰው የጋዝ ሲሊንደር አይሸጥለትም፤ ሚስቱን ልኮ ያስገዛል።

የሰውን ባሕርይ ለማወቅ ደግሞ የጥንቱ ቆጠራ ተመለሰ። ስም ከእናት ስም ጋር ይደመራል፣ ለአሥራ ሁለት ይካፈላል፣ የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይናገራል። ድሮ ሰዎች ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ በጓሮ በር ገብተው የሚያስቆጥሩት ነገር ነበር። አሁን ማሽን ይቆጥረዋል፤ ያውም በፊት ለፊት በር፣ ያውም ለሁሉም ነገር።

እኔ በዚህ ሁሉ ስቄ አልፌያለሁ። ፍሎራይድ ግን አያስቅም። በሐይቃችን ዙሪያ ያለው መሬት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ውሃው በድንጋዩ መሐል ሲያልፍ ፍሎራይዱን አጥቦ ይዞ ይመጣል። ውሃው ጥሩ ነው፤ ጣዕሙም መልኩም አይከፋም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዓመታት ቆይቶ ነው ጥርስን የሚያዝገው፤ ሲብስ ደግሞ አጥንትን ያጣምማል። ቡርቃ ዲማ ተወልዶ ያደገ ሰው ሲስቅ ይታወቃል። እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት። ስዳር የሠርጌ ፎቶ አንሺ «እስኪ አንዴ ፈገግ» ብሎ ለምኖኝ ለምኖኝ ሲያቅተው ተወኝ።

ልጄ ሲፈን ሁለት ዓመት ሆኗታል። የወተት ጥርሶቿ ወጥተው አልቀዋል፤ ነጭ ናቸው። ዋናዎቹ ጥርሶቿ ግን አሁን፣ ይህን በምጽፍበት ጊዜ፣ ድዷ ውስጥ እየተሠሩ ነው። ከምትጠጣው ውሃ ነው የሚሠሩት። ስድስት ዓመት ሲሆናት ቡናማ ሆነው ቢወጡ ምንም ሳሙና አያስለቅቃቸውም። ይህን የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማወቅ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ሸክም ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። ጉድጓዱ አጠገብ ማጣሪያ ጋን አለ፤ ውስጡ ያለው የአጥንት ከሰል ግን አቅሙ አልቋል። የከብት አጥንት አየር ሳያገኘው ይቃጠልና ይፈጫል፤ ውሃ ሲያልፍበት ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀራል። ከሰሉ በክልሉ መጋዘን ሞልቷል። የሚወጣው ግን በቅጽ ነው።

ቅጹን ከፈትኩ። «ስም» አለ፤ «ጉድጓድ ቁጥር ሰባት» አልኩት። «የእናት ስም» አለ። ያለ እናት ስም ቆጠራ የለምና ሳጥኑ ካልተሞላ አያሳልፍም። ብዙ አሰብኩና «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ «የለም» የምትባል ሴት አገኘ፤ ስሟን ደመረ፣ ለአሥራ ሁለት አካፈለ፣ ውጤቱን ነገረኝ፦ «እሳት። እርዳታ እየመጣ ነው።»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የእሳት አደጋ መኪና ደረሰ። አራት ሰዎች ወረዱ፤ ሁሉም ጨዋዎች ናቸው። አለቃቸው ጉድጓዱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«እመቤት፣ የተቃጠለው የቱ ጋ ነው?»

«አልተቃጠለም፤ ውሃ ጉድጓድ ነው» አልኳቸው።

«እሳት ይላል ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ ተሳስቶ ነው።»

አለቃው አዘኑልኝ። «እኛ ወረቀቱን ትተን አንሄድም፤ ግድ የለም፣ ቶሎ እንጨርሳለን» አሉ። የመኪናቸው ውሃ ስላለቀ ከጉድጓዱ ቀዱና ጉድጓዱን አጠፉት። በጭቃ የተለወሰ የምስክር ወረቀት ሰጥተውኝ፣ «የባሰ አያምጣባችሁ» ብለው ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ክልሉ ከተማ ተሳፈርኩ። በክልሉ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ «የባሕርይ አማካሪ» የሚል ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጭ ጋቢ በኮት ላይ የደረቡ መሪጌታ ዕንባቆም የሚባሉ ሰው ተቀምጠዋል። ማሽኑ ቆጠራውን የተማረው ከእሳቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ የላቸውም። ጠረጴዛቸው ላይ ከመነጽራቸው በቀር ምንም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ልጣላቸው ነበር የሄድኩት። መቶ አሥራ አራቱን ያባረሩብኝ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

«መሪጌታ፣ የጉድጓድ እናት ማን ናት?» አልኳቸው ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ።

«የምን እናት?»

«የጉድጓድ። የውሃ ጉድጓድ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ልጄ፣ እኔ የቆጠርኩት ለሰው ነው። ጉድጓድ አያገባ፣ አይወልድ፣ መንገድ አይወጣ። ኮከብ ምን ያደርግለታል?»

«ማሽንዎ ነዋ የጠየቀኝ።»

«የኔ አይደለም» አሉ ቆጣ ብለው። «ማሽኑን የሠሩት አንድ ሳምንት ጠይቀውኝ ሄዱ። ለምን እንደሚቆጠር ሳልነግራቸው እንዴት እንደሚቆጠር ብቻ ወስደው ሄዱ። አባቶች አራት ናቸው አሉ እንጂ ከአራት በላይ አታስቡ አላሉም። ተቀመጪ፤ የጉድጓዱ ሕመም ምንድን ነው?»

ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። የፍሎራይዱ መነሻ የሆነው ፍሎሪን ዘጠነኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ስነግራቸው አቋረጡኝ።

«ዘጠነኛው? ስንት ናቸው እነሱ?»

«መቶ አሥራ ስምንት።»

«ይህን ሁሉ ማን ይቆጥረዋል?»

«እኛ ነበርን።»

«እናንተ ስንት ናችሁ?»

«በእኛ በኩል የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እኔም እዚህ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ልጣላቸው አልቻልኩም። ከየት ይመጣል አሉኝ፤ ከድንጋዩ አልኳቸው። «መሬት ውሃ ውስጥ ተደብቆ ገባ በያ» አሉ። በምን ይወጣል አሉኝ፤ በተቃጠለ አጥንት፣ ያውም አየር ሳያገኘው በተቃጠለ አልኳቸው። መሪጌታ በደስታ ጠረጴዛውን በጥፊ መቱት።

«እሳት አለበት፣ መሬት አለበት፣ ውሃ ያልፍበታል፣ ነፋስ ይከለከላል! አራቱም ገቡ እኮ! ምኑ ነው ያስቸገረሽ?»

«ስንት እንደሆነ መናገር ነው ያስቸገረኝ። አራቱም አሉ ማለት ስድስት ነጥብ አራት ነው ማለት አይደለም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ ጢማቸውን እየነኩ። «በእኛ ዘንድ ነጥብ የለም።»

ቅጹን አብረን አየነው። «የትኛው በየትኛው ላይ በዛ?» ለሚለው መሬት በውሃ ላይ ተባለ። ነገር ግን ማሽኑ የመሬትን መድኃኒት የሚፈቅደው ኮከቡ መሬት ለሆነ ብቻ ነው። ለጉድጓዱ መሬት የምትሰጠው እናት ማን እንደሆነች መፈለግ ነበረብን። መሪጌታ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ከማሽኑ ቀድመው ደረሱበት። ጉድጓዱ «ቡርቃ» ቢባልና እናቱ እኔ ብሆን መሬት ይመጣል።

«እኔ አልወለድኩትም» አልኳቸው።

«አሳዳጊም እናት ናት። ሌት ተቀን የምታስቢለት ከሆነ ውሸት አይባልም። የማታስቢለት ከሆነ ግን አልጽፍልሽም፤ የውሸት እናት ጽፌ አላውቅም።»

አሰብኩና አስብለታለሁ አልኩ። እውነቴን ነበር። ጾታ ሲጠይቀን ሴት አልን። የአባት ስም ሳጥን በሁለተኛው ማቅለያ ወጥቷል፤ አባቶች ብዙም አልተቃወሙም ነበር። በዚህ ሁኔታ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥልቀቷ መቶ ስልሳ ሜትር የሆነ ልጅ እናት ሆንኩ።

ማታ ለባለቤቴ ለቱፋ ስነግረው ራት እየበላ ነበር። «እኔ ሳላውቅ?» አለኝ።

«ሳታውቅ።»

«ማንን ትመስላለች?» ብሎ ጉርሻውን ዋጠ። በማግስቱ ጠዋት በስልኬ የክትባት ቀጠሮ መጣላት። የጡት ማጥባት ምክርም ተከተለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰሉ መጣ። አንድ ጆንያ ነው፤ አሥር ኪሎ። ጆንያው ላይ «መሬት። ለአንድ ልጅ። ለሦስት ወር» ይላል። ለጋኑ ቢያንስ ሰማንያ ጆንያ ያስፈልገዋል። ቡርቃን ልጅ ናት ብዬ ስላስመዘገብኳት የልጅ ራሽን ነው የላኩላት። ከጆንያው ፊት ቆሜ ስቄ ልሞት ነበር፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። አሥር ኪሎ ለጉድጓድ ምንም አይደለም። ለአንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ግን ከሦስት ወርም በላይ ይበቃታል።

ያደረግሁትን እናገራለሁ። ጆንያውን ወደ ጣቢያው አልወሰድኩትም። አንድ ባልዲ ሥሩን በሳሁና ከሰሉን ሞላሁበት፤ መኝታ ቤት በር ጀርባ ሰቀልኩት። ለሲፈን የማጠጣትን ውሃ በዚያ እያሳለፍኩ አጠጣኋት። ለካሁት፤ ዜሮ ነጥብ ስምንት ነበር። እንዲህ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት የጎረቤት ልጆች ቦኖ ላይ አፋቸውን ደቅነው ሲጠጡ እያየሁ «ደህና ዋላችሁ» እያልኩ አልፋለሁ። አፈርኩ፤ እያፈርኩም ግን ባልዲውን አላወረድኩትም። እናት ነኝ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ የጎረቤቶቼስ እናቶች አይደሉም ወይ የሚለውን ላለማሰብ ቶሎ እተኛለሁ።

ረውዳ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ዳቦ ትጋግራለች። ኢክራም የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ከሲፈን ጋር አብረው ነው የሚውሉት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኢክራምን ልትወስድ መጣችና ሲፈን ከፕላስቲክ ብርጭቆዋ ስትጠጣ አየች። ብርጭቆው ሥር ጥቁር ቅንጣት ነበር።

«ብርቄ፣ ልጅሽ ምንድን ነው የምትጠጣው?»

መዋሸት እችል ነበር። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ እጇን ይዤ ወደ መኝታ ቤት ወሰድኳትና ባልዲውን አሳየኋት። ስለ ጥርሱ፣ ስለ አጥንቱ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ አሥራ አንዱም ቀን ነገርኳት። እየነገርኳት ለቅሶ መጣብኝ። ረውዳ ባልዲውን አየች፤ እኔን አየች።

«ኢክራምም ከዚሁ ጉድጓድ ነው የምትጠጣው» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

«አሥራ አንድ ቀን።»

«አዎ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከፍቷታል። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ጥግ የተጣለውን ጆንያ አየችና ጠየቀችኝ።

«ለእናቷ አንድ ጆንያ ነው የሚሰጡት?»

«አንድ።»

«እኔም እናቷ ልሁና።»

«የማን?»

«የጉድጓዷ ነዋ! አንቺ ስለምታስቢላት እናት ከሆንሽ እኔ አሁን ካንቺ ብሼ አስብላታለሁ። ይህ ሰፈር ስንት እናት አለው?»

ቅጹን ከፍቼ አየሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ልጅ ስንት እናት ሊኖራት እንደሚችል የሚጠይቅ ሳጥን አልነበረም። ድሮ ነበረ ይሆናል፤ ተቀልሏል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት ሴትዮ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያልታየኝን ረውዳ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አየችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «ከሰሉ የከብት አጥንት ነው። ማን እንዳረደው አላውቅም።» ይህን የጠቀስኩት በምክንያት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ይኸው ማጣሪያ ሲተከል እኔ ስብሰባ ላይ ቆሜ አጥንቱን ከነካልሲየሙ፣ ከነፎስፌቱ ሳስረዳ እስላሙም ክርስቲያኑም ጥሎኝ ወጥቶ ነበር። አንዱ በእርዱ፣ ሌላው በጾሙ።

ረውዳ ጆንያውን ገልብጣ ጽሑፉን አነበበች። «እዚህ መሬት ነው የሚለው» አለች። «ለሶላት መታጠቢያ ውሃ ሲጠፋ በመሬትም ተየሙም ይደረጋል። ደግሞ በእሳት ተቃጥሎ ከሰል የሆነ ነገር አጥንት ነው ወይ? እሱን ሼኻችንን እኔ እጠይቃለሁ። አንቺ የናንተን ጠይቂ። ዝም ብለሽ ግን ስለ ካልሲየም አታውሪባቸው።»

ሼኹም ፈቀዱ። መሪጌታ ዕንባቆምን በስልክ ስጠይቃቸው «ለልጆች ጥርስ ነው ወይ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው «እንግዲያውስ እኔ ራሴ መጥቼ እጠጣለታለሁ፤ ያውም በጾም» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በሚኒባስ መጡ። ሥራ ካጡ ስድስት ዓመታቸው ነበርና ጋቢያቸውን አሳጥበው፣ ጢማቸውን አስተካክለው ነው የመጡት።

በፓምፕ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሰልፉ እስከ መንገድ ደረሰ። አራት መቶ ያህል ሴቶች መጡ። መሪጌታ ለእያንዳንዷ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ስለዚች ጉድጓድ ታስቢያለሽ?» አዎ ያለችውን ስሟን ከቡርቃ ስም ጋር ደምረው በጣታቸው ቆጥረው ይነግሯታል፣ እኔ ወደ ማሽኑ አስገባለሁ። ድንቄ የምትባል እንጀራ ሻጭ ነፋስ ሲደርሳት አልቀበልም አለች። «እንደገና ይቁጠሩልኝ መሪጌታ፣ እኔ ነፋስ ሆኜ አላውቅም!» ሦስት ጊዜ ቆጠሩላት፤ ሦስት ጊዜም ነፋስ ሆነች። ባሏ ከኋላ ሆኖ «እኔ ድሮም አውቅ ነበር» ሲል ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ረውዳም ተራዋ ደረሰ። ቀርባ ስሟን ተናገረች። መሪጌታ ቆጠሩና ቀና ብለው አዩኝ። ነፋስ ነበረች። ነገሩን ያመጣችው ሴት የቡርቃ የመሬት እናት መሆን አልቻለችም፤ ጆንያም አይደርሳትም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«የረውዳ ልጅ አትጠጣም የሚል አለ?» አልኩ ጮክ ብዬ። የሚል አልነበረም። በዚያው ቅዳሜ ሁሉም ጆንያ ወደ ጋኑ እንዲገባ፣ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይወስድ ተስማማን። የመጀመሪያውን ጆንያ እኔ አመጣሁ፤ ከባልዲው ውስጥ ገልብጬ። ትንሽ ጎድሎ ነበር። ሁሉም አይተው ምንም አላሉኝም።

መሬት የደረሳቸው ሰማንያ ስድስት ሴቶች ናቸው፤ ከእኔ ጋር ሰማንያ ሰባት። የእሳት እናቶች ለየራሳቸው የእሳት አደጋ መኪና መጣላቸው፤ መኪኖቹ በዚህ ጊዜ ከሩቅ ምንጭ ውሃ ሞልተው ስለነበር ከሰሉን አጠብንበት። ነፋሶቹ አንዳንድ ማራገቢያ ተላከላቸው። ዱቄቱን ከከሰሉ ላይ ለማብነን ሠላሳ ማራገቢያ በአንድ ላይ ስንከፍት ጥቁር ሆነን ቀረን፤ ረውዳም ከሁሉም ጠቁራ፣ ስትስቅ ጥርሷ ብቻ ይታይ ነበር። የውሃ እናቶች «በውሃ ላይ ውሃ ቅሬታ አይሆንም» የሚል ደብዳቤ ነው የደረሳቸው። እሱ ለምንም አልሆነም።

ሰኞ የክልሉ ቢሮ ኃላፊ አቶ መርዕድ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነው።

«ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ አንዲት ልጅ ሰማንያ ሰባት እናት አላት ይላል እዚህ።»

«ከዚያም ይበልጣሉ። እነዚህ የመሬቶቹ ብቻ ናቸው።»

«ይቻላል እንዴ?»

«የሚከለክል ሳጥን አለ?»

ሲፈልጉ ሰማኋቸው። ብዙ ቆዩ። «የለም» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለው ደግሞ፣ ምናልባት እሳቸውም ሰው ናቸውና፣ «ልጅቷ ግን ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«መሬት በዝቶባት ነው» አልኳቸው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከአቶ መርዕድ ጋር የተግባባነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጋኑ ማክሰኞ ተሞላ። ረቡዕ ጠዋት ውሃው በከሰሉ መሐል አልፎ ሲወርድ ሰማነው። መሪጌታ ቃላቸውን አክብረው የመጀመሪያውን ብርጭቆ በሰው ፊት ጠጡ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞር ብለው «በይ ነጥቡን ንገሪን» አሉ። የሻይ ማፍያውን አወጣሁ። ሲፈን ቀሚሴን ይዛ ቆማለች፤ ኢክራም ደግሞ የእሷን ቀሚስ ይዛለች። ናሙናውን ሁለት ጊዜ ደፋሁት። በሦስተኛው ተነበበ፤ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ከመሪጌታ በቀር ማንም ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም፤ ፊቴን አይተው ግን እልል አሉ።

ጉዳዩን ለመዝጋት ቅጹን ከፈትኩ። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ «አሁን በልጅዎ ውስጥ የሚበዛው የትኛው ነው?» አራቱ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ወደ ቧንቧው አየሁ፤ ሲፈንና ኢክራም እየተሻሙ አፋቸውን ደቅነው ይጠጣሉ፣ ደረታቸው ርሷል። «ውሃ» የሚለውን ነካሁ። በዚያ ቅጽ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ ብዙ ነገር ሞልቻለሁ፤ እውነት የሞላሁት ግን የዚያን ዕለት ነው።

ማሽኑ ወዲያው መለሰልኝ። «ልጅዎ ደህና ናት» ይላል።

ስለ ጉድጓዷ ነበር የሚያወራው። እኔ ግን እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሲፈንን ከነእርጥቧ አቅፌ አለቀስኩ።